በፍየልነት ይመዝግቡኝ

ለተከበሩ የእንስሳት አጥንት ዕድሳት ምርምር አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ዶክተር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ አጥንትዎ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከአንድ እግሬ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፍየሌ ግን ከእኔም ከእርስዎም በላይ ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍ እንኳ የጎረቤቴን የወይዘሮ ታንጉትን አጥር ዘላ ጎመን እየበላች ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ከጎረቤቴ እርግማን ጋር አንድ ላይ እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚያስታውሱት አምና ከዋጃ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት አይሱዙ ግመል አድናለሁ ብሎ ሮቢት መግቢያ ላይ ሲገለበጥ፣ እኔና ያን ዕለት የገዛኋት ፍየል አብረን ወደቅን። እኔ ቀኝ እግሬን፣ እሷም ቀኝ የኋላ እግሯን ተሰበርን። የሁለታችንም አጥንት መሀሉ ተሰባብሮ ወጥቶ ክፍተት ቀረበት፤ እንዲህ ያለው ክፍተት በራሱ አይሞላም ተባለ። ይኼኔ ነው እናንተ እግሯ የተሰበረ ፍየል ፍለጋ ቤቴ ድረስ የመጣችሁት። ከዳሌዋ መቅኔ ቀዳችሁ፣ ሴሉን በላቦራቶሪ አራባችሁ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ በሆነ መደገፊያ ላይ ዘርታችሁ ክፍተቱ ውስጥ ከተታችሁላት። መደገፊያው እየሟሟ ሲሄድ በምትኩ የገዛ አጥንቷ በቀለ። ወላሂ፣ ራጅዋን ያየሁ ቀን እልል ብያለሁ! ከዚያ የራሴን ራጅ አየሁና ክራንቼን አነሳሁ።

ቅሬታ እንኳ አይባልም፤ ብቻ ልቤ ላይ የቀሩትን በቁጥር ላስቀምጥልዎ።

1. የፈቃድ ቅጹን በፍየሏ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ። የራሴንም ልፈርም ብል ሕክምናው ገና ለሰው አልተፈቀደም ተባልኩ። ለሰው ልጅ እንዲህ መጠንቀቃችሁ ደስ ይላል፤ ስለተጠነቀቃችሁልኝ ይኸው ዓመት ሙሉ በክራንች እሄዳለሁ።

2. ባለሙያዎ አቶ ናትናኤል በየሳምንቱ በመኪና እየመጣ፣ የተዘረጋ እግሬን በአክብሮት ተራምዶ ወደ ፍየሏ ያልፋል። ታነክሳለች ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ የማነክሰውስ እኔ ነኝ ብዬ መለስኩለት፤ ቅጹ ላይ «አይመለከተውም» ብሎ ጻፈ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጽሕፈቱም ያምራል።

3. ለእሷ መኖና ቪታሚን ሲመጣላት፣ ለእኔ የመጣልኝ ፍየሏን እንዳላስጨንቃት የሚል ምክር ነው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ልጄ ፈሪሀ በመጪው ዓመት ትዳራለች። የልጄ ሠርግ ላይ ጥግ ይዤ ማጨብጨብ አልፈልግም፤ መጨፈር ነው የምፈልገው፣ ሲነጋም በእግሬ ቤቴ መግባት። የፍየል አጥንት የተመረጠው ከሰው አጥንት ጋር ስለሚቀራረብ እንደሆነ ቀበሌ ሰብስባችሁ ያስረዳችሁን ራሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር በፍየልነት እንድመዘገብ አመለክታለሁ። ዕድሜ፦ አርባ ስድስት። ቀለም፦ ጠይም። ቀንድ፦ የለኝም፤ ባለቤቴ መህዲ ግን አለሽ ይላል። ጠባይ፦ ለጊዜው አጥር አልዘልም።

ዕድሜና ጤና፣ የማይሰበር አጥንትና የማያልቅ በጀት እየተመኘሁልዎ፣ ከፍየሏ ቀጥሎ ተራዋን በትዕግሥት የምትጠብቀው አክባሪዎ፣

ኡሙሃኒ ዘይኑዲን
ሮቢት፣ ጥቅምት 2005 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል አቶ ናትናኤል መጥቶ፣ አዲሱን አጥንት በማይክሮስኮፕ ለማየት ፍየሏ መታረድ እንዳለባት ነገረኝ፤ ሳላነብ በፈረምኩት ቅጽ መጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ከእኔ ማመልከቻ ላይ ያችን አንቀጽ ብቻ ይሰርዙልኝ። ፍየሏ ግን ገመዷን በጥሳ፣ አራት ባለሙያ አስከትላ ከአስፋልቱ እስከ ማሽላው ማሳ ሮጣ አምልጣለች። አቶ ናትናኤል ላቡን እየጠረገ ተመልሶ በመያዙ እንዳግዛቸው ለመነኝ። ምን ከፋኝ፣ ክቡር ዶክተር? እግሬን ሥሩልኝና አብሬያችሁ አባርራታለሁ፤ ባንይዛት እንኳ እሷና እኔ ስንሮጥ ማየት ለሪፖርትዎ ይበቃል።