ካሣዬ እስከ እኩለ ቀን የታገሠ ዕለት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ወልደጻድቅ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ? የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እትዬ በየነችና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡናውም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

በታኅሣሥ መጨረሻ የገጠመንን ከሰው አፍ ሰምተህ እንዳትደነግጥ እኔው ልጻፍልህ ብዬ ነው። ከታችኛው መንደር ጋር የሚያጨቃጭቀንን የጫካ ቡና ወሰን ታውቀዋለህ። የባለቤቴ የካሣዬ ታናሽ ወንድም ታፈሰ እዚያው ቀፎ ሊሰቅል ሄዶ ሳይመለስ አደረ። ጠዋት ፍለጋ የወጡት ከአንድ ዛፍ ሥር ደም የነካው ነጠላ ጫማውን አግኝተው መጡ። «ታችኞቹ ገደሉት» የሚለው ወሬ መንደሩን ለማዳረስ አፍታም አልፈጀበት። ባለቤቴ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ፤ አሥራ ሁለት ሰው ተከተለው።

ጋሼ፣ ደግነቱ አምና በጎረቤት ቀበሌ በእንዲህ ያለ ጠብ ሰው ከሞተ ወዲህ የሁለቱ መንደር እድሮች፣ የቡና ገበሬዎች ማኅበሩ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሽማግሌዎች፣ ጤና ኬላውም ሳይቀር አንድ ኮሚቴ አቋቁመን ነበር። ክፉ ወሬ ሲሰማ ሁሉም በየፊናው ሳያጣራ ማንም እንዳይነሣ ተማምለናል። እኔም የሴቶች እድር ሰብሳቢ ነኝና ገብቼበታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ የስብሰባ ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው አቶ ገሠሠ መንገዱ ላይ ቆመው ካሣዬን «እስከ እኩለ ቀን ታገሠን» አሉት። «ወንድሜ ጫካ ወድቆ እኔ ስብሰባ ልቀመጥ?» አላቸው። «አትቀመጥ፤ ቁም፤ ግን እዚሁ ቁም» አሉት። ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

እኔ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥቼ በታችኛው መንደር ለሚኖረው ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለከድር ደወልኩ። እሱም ሰዎቹን ጠይቆ መልሶ ደወለልኝ። ለካ አመሻሽ ላይ አራት ሰዎች ከዛፍ የወደቀ ሰው አግኝተው በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አድርሰው ወደ ሆስፒታል አሳፍረውታል። «እናንተው መታችሁት ይሉናል» ብለው ፈርተው ነው ያልነገሩን። ወዲያው የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ንጋቷ ወደ አማን ሆስፒታል ደውላ አጣራች። ታፈሰ ነው፤ እግሩ ተሰብሯል እንጂ በሕይወት አለ።

ካሣዬንና አቶ ገሠሠን ጉብታው ላይ ጠርተን ስልኩን ለካሣዬ ሰጠነው። ታፈሰ ገና ድምፁን ሲሰማ «ቀፎዬ ንብ ገባበት?» ብሎ ጠየቀው። ካሣዬ ጠመንጃውን ለአቶ ገሠሠ አቀብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በሳምንቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ታች ወርዶ፣ የተሸከሙትን አራቱንም እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። የወሰኑ ነገር ገና አላለቀም፤ ሁለቱም መንደር በተገኘበት የግብርና ባለሙያዎች ይለኩታል ተብሏል። ታፈሰም በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል።

ካሣዬ አሁን የኮሚቴው አባል ነው። ባለፈው እሑድ ከታች ተኩስ ሲሰማ ሁላችንም ደነገጥን፤ ባዶ እጁን ቀድሞ የሮጠው እሱ ነው። ቆይቶ ቆይቶ መጣና «ሰርግ ነው፤ ሳትበላ አትሄድም አሉኝ» አለን።

ልጃችን ትዝታ «የእትዬ በየነችን ጉልበት ሳምልኝ» ብላሃለች። ብሩክን ግንባሩን፣ ትንሿን ቤተልሔምን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ካሣዬና ታፈሰ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ሰርካዲስ
ቴፒ፣ ጥር 29 ቀን 2003 ዓ.ም.