ሀሴት በጠመኔ ያሰመረችው ክብ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽዬ ይድነቃቸው፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንተን፣ ሳምሪንና ትንሿን ሲናን እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤንነትህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ፣ ወይስ አሁንም ከሱቁ ወንበር ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለህ? እናንተ ዘንድ አሁን ብርዱ የሚብስበት ጊዜ ነው አሉ፤ ሲናን ደረቷን ሸፍኑላት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ ባለፈው ወር ይህን ቃል ልጽፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም ነበር። ዛሬ ግን ከልቤ ነው። እማዬ ደህና ናት፣ ሀሴትም ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍልህ ጓሮ ሆና ጸጉሯን እየታጠበች ነው።

ያን ቪዲዮ አይተህ የደወልክ ቀን እማዬ ስታለቅስ፣ አንተ ስትቆጣ፣ መስመሩ ሲቆራረጥ ሳንግባባ ቀረን። ኋላም «ቁጭ ብለሽ ከሥሩ ጻፊልኝ» ስላልከኝ ይኸው ጻፍኩልህ። የሰፈራችን ልጅ ሀቢቡ ሰሞኑን ወደዚያው ስለሚመለስ ደብዳቤውን ከማረቆ በርበሬው ጋር ያደርስልሃል።

በቪዲዮው ላይ ያየሃት ልጅ እህታችን ናት። ነጭ አንሶላ ተከናንባ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ በተሰመረ ክብ መካከል ቆማ፣ በቢላዋ አየር ላይ ኮከብ ስትሥል ያየኸው እውነት ነው። ከሥሩ «ሰይጣን አምላኪዋ ተማሪ» ተብሎ የተጻፈው ግን ውሸት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአንደበቷ ነው። ከልጅነቷ ስትንተባተብ ታውቃታለህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እየባሰባት እንጂ እየተሻላት አልሄደም። ወልቂጤ ለትምህርት ከገባች በኋላ ሰው ፊት ላለመናገር ስትል ታክሲ ውስጥ ወራጅ ማለት እያቃታት ፌርማታዋን አልፋ በእግሯ የምትመለስ ሆና ነበር። ዘንድሮ ደግሞ የመመረቂያ ጥናቷን በመምህራን ፊት ቆማ ማቅረብ ግዴታዋ ነው። ጥናቷ ስለ እንሰት አጠውላጊ በሽታ ነው፤ ጽሑፉን ጨርሳዋለች፤ መናገሩ ነው ጭንቁ። ለማንም ሳትነግር መላ ስትፈልግ፣ ስልኳ ላይ ፈረንጆች ስለሚሠሩት አስማት የሚያስተምሩ መጻሕፍት አገኘች።

እኔ አስማት ሲባል የማውቀው ክታቡን፣ መስተፋቅሩን፣ ጠላት ማሰሪያውን ነው። የነሱ ሌላ መሆኑን ያስረዳችኝ እሷ ናት። በአውሮፓ የተማሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ከአይሁድ ምሥጢርም፣ ከግብፅም፣ ከግሪክም ያገኙትን አንድ ላይ ሰፍተው ያወጡት ሥርዓት ነው አለችኝ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ከልቡ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ለይቶ ካወቀና ፈቃዱን ሁሉ ወደዚያ ከሰበሰበ፣ መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎም ኑሮውን ይለውጣል። ፈቃድ ግን እንዲሁ በባዶው አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ለዓይን ቀለምና ምልክት፣ ለአፍንጫ ሽታ፣ ለእጅ ዕቃ ይሰጡታል። በትሩ የእሳት፣ ጽዋው የውሃ፣ ቢላዋው የነፋስ፣ ሳሕኑ የመሬት ምሳሌ ነው። ከመካከላቸው መናፍስት በእውነት ይመጣሉ የሚሉ አሉ፤ የሚመጣው ከገዛ ልባችን ውስጥ ነው የሚሉም አሉ። ሀሴት የኋለኞቹን ይዛ ነው የገባችበት።

አሠራሩንም ጠይቄያታለሁ። ክቡ ውስጥ ቆማ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ታዞራለች። በአራቱም ማዕዘን ኮከብ እየሣለች የእግዚአብሔርን ስም በዕብራይስጥ ትጠራለች፤ አጠራሩም እንደ ተራ ንግግር ሳይሆን ትንፋሽ እስኪያልቅ፣ ደረት እስኪነዝር ተስቦ ነው። ከዚያ ሩፋኤልን ከፊቷ፣ ገብርኤልን ከኋላዋ፣ ሚካኤልን በቀኟ፣ ዑራኤልን በግራዋ አድርጋ ትጨርሳለች። እማዬ ይህን ስትሰማ «የኛው ዑራኤል?» ብላ ደጋግማ ጠየቀቻት። እኔም ብሆን በየወሩ የምንዘክራቸውን መላእክት የፈረንጅ አስማት ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሳባት ምን መሰለህ ጋሽዬ፤ ስሙን እንዲያ ስባ ስትጠራ አትንተባተብም። መጀመሪያ ቀን ድምፅዋ ያለ እንቅፋት ከግድግዳ ግድግዳ ሲሄድ ሰምታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እዚህ ላይ ብትቆም ጥሩ ነበር። እሷ ግን ብዙ ከሠራሁ ብዙ ይለቀኛል ብላ በቀን ደጋግማ ትሠራው ጀመር። መጽሐፉ ከዋናው ሥራ በፊት ጹሙ፣ ከሰው ተለዩ ስለሚል ምግብ ቀነሰች፣ ጓደኞቿን ሸሸች፣ ክፍል መግባት ተወች። እንቅልፍም ከዳት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ክቡ ውስጥ ስትቆም ከኋላዋ የሆነ ሰው የቆመ እየመሰላት፣ ዞራ ለማየትም ክቡን ለቃ ለመውጣትም እየፈራች ትቆይ እንደነበር የነገረችኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው። እሷ ራሷ «ያን ቀን በሩ ባይንኳኳ የት እደርስ እንደነበር አላውቅም» ብላኛለች።

የምትኖረው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ፣ ወይዘሮ ሳቢሪን የሚባሉ ሴት ቤት ተከራይታ ነው። እዚያው ግቢ የምትኖር ሌላ ተማሪ ድምፁን እየሰማች ስትፈራ ቆይታ በመስኮቱ በኩል በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችው። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያተኛው ሁሉ ስልኩን እየተቀባበለ አየው፤ ከቀትር በኋላ ሰው ወደ ሳቢሪን ደጅ መጉረፍ ጀመረ። ሳቢሪን የሀሴትን በር አንኳኩተው ከክቡ ካስወጧት በኋላ ደውለው «እህትሽ ደህና ናት፤ ግን ቶሎ ነይ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልነገሩኝም። ባለቤቴ ስምዖን ሥራ ላይ ስለነበር ልጃችንን ዮሲን ለእማዬ ትቼ ብቻዬን በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ያ የተራራው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ስደርስ ከመናኸሪያው የያዝኩት ባጃጅ ወደ ሰፈሩ መግባት አቅቶት ከሩቅ አወረደኝ። ሳቢሪን በራቸውን ዘግተው ደጁ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አንዱ ጎረምሳ «በቢላዋ ሰው ልታርድ ስትለማመድ ነው፤ አውጧት» ሲል «ቢላዋው የኔ ነው፤ ቆጮ የምቆርጥበት። አውሺኝ አለችኝ፣ አዋስኳት» አሉት። ሌላው ደግሞ «እርስዎ ሙስሊም ሆነው ይህን ቤትዎ ያስገባሉ?» አላቸው። «ወላሂ እኔ የማውቀው ልጅቷ ስታመም ውሃ የቀዳችልኝ መሆኗን ነው። እናቷ አደራ ብላ ሰጥታኛለች። እህቷ እስክትመጣ ይህ በር አይከፈትም» አሉት።

ሰውን ገፍቼ ደረስኩና እህቷ ነኝ አልኩ። በሩ ሲከፈት ሀሴት ራሷ ወጣች። ጋሽዬ፣ ብታያት አታውቃትም፤ ጉንጯ ጎድጉዶ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሸረፋ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው? አንቺው ንገሪን» አሏት። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እንደ ሁልጊዜው ያዛት። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለም። ከኋላ «ይኸው፣ ጋኔኑ አንደበቷን ያዘው» የሚል ሰማሁ፤ ሰውም ወደፊት ገፋ። እኔ ልናገርላት ስል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ።

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። «የ… የ… የምሠራው፣» አለች፤ ደግሞ ቆመች፤ ደግሞ ተነፈሰች። «መንተባተቤ እንዲለቀኝ ነው። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ማ… ማንንም ልጎዳ አይደለም።» ይህችን ለመናገር የፈጀችው ጊዜ ለኔ ዓመት ነበር። ማንም ሳያቋርጣት ጨረሰች። ሰዎቹ መሐል የነበረች አንዲት የክፍሏ ልጅ «እውነቷን ነው፤ ስም ሲጠራ አቤት ማለት እንኳ ይቸግራታል» አለች። አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ሸረፋ ዞር ብለው ገላመጧቸው። «ጠየቅናት፣ መለሰችልን» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ወደየቤታችን እንሂድ።» ወዲያው የሄደ የለም፤ ግን አንድ ሰው ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ደጁ ላይ እኛው ብቻ ቀረን። ሳቢሪን ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ያስገቡት ያኔ ነው።

ክፍሏ ገብተን ጠመኔውን ራሷ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው። ቢላዋውን አጥባ መለሰች። እዚያው ሾርባ ጠጣች፤ በማግስቱ ወደ ቡታጅራ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች።

እማዬ በዚያው ሳምንት ጠበል ልትወስዳት ተነሥታ ነበር። ሀሴት እምቢ አላለችም፤ ግን መጀመሪያ ከንስሐ አባታችን ከአባ ሱራፌል ጋር ልነጋገር አለች። እኔ ተግሣጽ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ቃሉ ሲይዛት ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው እየጠበቁ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ «ይህ መንገድ የኛ አይደለም፤ መላእክትም በቢላዋ አይጠሩም፤ ተዪው» አሏት ቁርጥ አድርገው። እማዬን ደግሞ «ልጅሽ ጋኔን የለባትም። የራባትና ያልተኛች ልጅ ናት። ጠበሉ ይደርሳል፤ አስቀድመሽ አብያት» አሏት። እማዬ ያን ጊዜ ያለቀሰችው ለቅሶ ሌላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትበላለች፣ ትተኛለች። ከኋላዋ የሚቆመውም ሰው መቆም ተወ። አማካሪ መምህሯ ነገሩን ሰምተው አንድ ቀን ጠርተዋት «የማቅረቢያውን ቀን አላስተላልፍልሽም፤ ሰዓቱን ግን አልቆጥርብሽም» ብለዋታል። ባለፈው ሳምንት ጥናቷን አቀረበች። እኔና ሳቢሪን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። ብዙ ቦታ ተንተባተበች። አጠውላጊ የሚለው ቃል ላይማ ሁለት ጊዜ ትታው ተመልሳበታለች። ግን የእንሰቱን በሽታ ከሥር እስከ ቅጠል አስረድታ፣ ጥያቄውንም መልሳ ወረደች። አልፋለች ጋሽዬ። ስትወርድ ሮጣ ሳቢሪን ላይ ነው የተጠመጠመችው፤ ሁለቱም ሲስቁ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እማዬ በቀደም «እንግዲህ አስማቱ ሠርቶልሻል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «አላውቅም» አለቻት። «ትንፋሼን አስተማረኝ፣ እንቅልፌን ወሰደብኝ። አልመለስበትም።» አመንኳት። አንተም እመናት። ቪዲዮውን የለቀቀችው ልጅ አጥፍታው፣ ይቅርታም ጠይቃለች፤ ከሰው እጅ የገባው ግን አሁንም ይዞራል። እዚያ ያሳየህ ሰው ካለ የጻፍኩልህን ንገረው።

በል እንግዲህ፣ እማዬ ጉንጭህን ስማ፣ ስለ አንተ ጧት ማታ እንደምትጸልይ እንድነግርህ አዝዛኛለች። ስምዖን በጣም ሰላም ብሎሃል፤ የላክኸው ሹራብ ልክ ሆኖለታል። ዮሲ አንድ ጥርሱ ወልቋል፤ ለሲና ንገሪልኝ ይላል። ሳቢሪንም ባያውቁህም «ወንድምሽን አሰላሙ ዓለይኩም በይልኝ» ብለዋል። ሳምሪን በኔ ስም ሳምልኝ፤ ሲናን አገላብጠህ ሳምልኝ።

ሀሴትን ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ወይ ብላት አይሆንም አለችኝ። እሑድ ይደውልልኝ፣ እኔው እነግረዋለሁ ብላለች። ስትደውልላት ቃሉ ሲይዛት አንተ አትጨርስላት፤ መስመሩ የተቋረጠ ቢመስልህም ስልኩን አትዝጋው። እዚያው ናት፤ ጠብቃት።

እህትህ መሰለች
ቡታጅራ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.