በራስህ ላይ የተከራከርክ ዕለት

ውድ መንገሻ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር እየተመላለስኩ በተማርኩት ፊደል ራሴ ጻፍኩት። አንተ ልታስዘጋው በነበረው ክፍል።

አልወድህም ነበር። የተማረ ሰው ሲናገር የሆነ ነገር ሊወስድብኝ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም ተወስዶብኛል። ያን እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ስብሰባ ላይ ተነስተህ፣ "ክፍሉ አንድ ነው። ፊደል የሚማሩት አዛውንቶች አራት፣ አማርኛ የሚማሩት ልጆች አሥራ አንድ ናቸው። የአዛውንቶቹ ይቅር" ስትል ስህተት ፈልጌ አጣሁብህ። ስለዚህ ጮህኩ።

"አንተማ ምን ቸገረህ! ሱሪ ሳትታጠቅ ነው ፊደል የቆጠርከው!"

ሰው ሳቀ። አንተ አልሳቅህም።

"እትዬ ብርሃነሽ፣ ጥሩ ምክንያት አለዎት፤ ንዴቱ ሸፈነብዎት እንጂ። እኔ ልሞክርልዎት? ከሳትኩ ያርሙኝ" አልከኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርክ። "ልጆቹ አማርኛ ባያነቡ እንግሊዝኛ ያነባሉ። እትዬ ግን ይህ ክፍል ከተዘጋ በምንም ቋንቋ አያነቡም። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያነብላቸው ብቻ ሊሰሙ ነው። እንዲህ ማለትዎ ነው?"

"አዎ" አልኩ። እኔ ራሴ እንደዚያ አሳምሬ አላሰብኩትም ነበር።

ሰብሳቢው በፈቃዱ፣ "ወንድም መንገሻ፣ ለመሆኑ ከማን ወገን ነህ?" ብሎ ቀለደብህ።

"እስካሁን ከራሴ ወገን ነበርኩ" አልክና ከእኛ ጋር እጅህን አወጣህ። በሁለት ድምፅ ተረፍን።

ልክ መሆን ብዙ ሰው ይችልበታል። ባሌም ይችልበት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ልክ እንደሆነ ሞተ። እያሸነፈ ሳለ ቆም ብሎ የሌላውን ምክንያት የሚፈልግ ግን ከአንተ በቀር አላየሁም። ያኔ አላመሰገንኩህም፤ ኮራሁ። አንተም ለሥራ ዳላስ ሄድክ።

አሁን የልጆቹ ቁጥር ሠላሳ ደርሷል፤ ክፍሉን ከእኛ ጋር ስለሚጋሩ ግማሾቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነው የሚማሩት። ከክፍሉ አጠገብም አዲስ ወጥ ቤት ተሠርቷል። ባለፈው እሑድ ተነሳሁና፣ "መንገሻ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር" ብዬ ያንተን ነገር ተናገርኩልህ። ክፍሉ አንድ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ እኛ አራታችን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ይበቃናል አልኩ።

በፈቃዱ፣ "እትዬ፣ እርስዎስ ከማን ወገን ነዎት?" አለኝ።

"ወሬህን ትተህ ወንበር አንሳ!" አልኩት።

ምክንያትህን እንደሚገባው አቅርቤልህ እንደሆነ አላውቅም። ከሳትኩ አርመህ ጻፍልኝ። ራሴ አነበዋለሁ።

ያኔ የጮኸችብህ
ብርሃነሽ