በልክሽ የተሠራው ወንበር

ውድ ጠበቃዬ፣

ሄደን ተመልሰናል። አላሸነፍንም። ከመጀመሪያው የምነግርሽ ልማድሽን ስለማውቅ ነው። ሰው ወሬ ሲጀምርልሽ "ቆይ ቆይ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?" ብለሽ ካላቋረጥሽ አይሆንልሽም። ይኸው መጨረሻውን አወቅሽ፤ አሁን አርፈሽ ስሚኝ። መቼም ካወቅኩሽ ጀምሮ የመጨረሻውን ቃል ለእኔ ትተሽልኝ አታውቂም። ዛሬ ልናገር።

ይህን የምጽፍልሽ አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። የእኛ ጥግ እንዳለ ነው። አንቺ ተደግፈሽው የምታወሪበት የጣውላ ክምር አልተነካም። አጎቴ ባለፈው አንዱን ጣውላ ሊወስድ እጁን ዘርግቶ፣ እኔን አየት አደረገኝና "ከጓሮ አመጣለሁ" ብሎ ወጣ። ጓሮ ምንም ጣውላ የለም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረበትን ጠዋት ታስታውሻለሽ? ከዚያ በፊት ባለው ቀን እናትሽን ደግፈሽ ሐኪም ቤት ወረፋ ቆመሽ ውለሻል። ክፍል ገብተሽ ቦርሳሽን እንኳ ሳታስቀምጪ "ሚስማር፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ወንበር ትሠሪያለሽ?" አልሽኝ። "ወንበሩ ትከሻ ላይ ከተንጠለጠለ ሰውየው የት ይቀመጣል?" አልኩሽ። "ወረፋ ላይ!" ብለሽ ጮኽሽና መምህሩ ሁለታችንንም አስወጡን። በረንዳ ላይ ቆመን ነገሩን ጨረስሽው። እግሮቹ ወደ ሆዱ የሚታጠፉ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚሸከመው ወንበር። በሽተኛው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ይከራየዋል፣ ሲወጣ መልሶ ይሄዳል። እኔ የምሠራ፣ አንቺ የምታወሪ። ሚስማር ያልሽኝ ካልመቱኝ አልገባም ስለምል ነው፤ ያን ቀን ግን ሳትመቺኝ ገባሁልሽ።

ልክ ስንለካም ክርክር ነበር። "በማን ልክ ላድርገው?" ብልሽ፣ "እዚህ ከእኔ ሌላ ማን አለ?" አልሽ። ተቀመጥሽ፣ እኔ ተንበርክኬ ከተረከዝሽ እስከ ጉልበትሽ ማጠፊያ በሜትር ለካሁ። ተቀምጠሽም የቆምሽ የምትመስዪ ረጅም ልጅ መሆንሽን ሁለታችንም ረሳነው። እኔ ስለ ማጠፊያው አስባለሁ፣ አንቺ በትምህርት ቤታችን የሥራ ፈጠራ ውድድር ላይ ስለምታደርጊው ንግግር። በልክሽ ተሠራ፣ ተቀመጥሽበት፣ "ይኼ ወንበር አይደለም፣ ዙፋን ነው" አልሽ፤ በዚያው ጸደቀ።

የንግግርሽን መክፈቻም ያን ሰሞን ነው የጻፍሽው። "እናቴን ደግፌ ወረፋ ቆሜ ነበር። መቀመጫ ስለሌለ እኔ ወንበር ሆንኩላት።" "ወንበር" ስትዪ እኔ ከጎንሽ ወንበሩን ቀጭ አድርጌ እዘረጋለሁ። በትምህርት ቤታችን ውድድር ላይ እንዲህ አድርገን አለፍን። ለዋናው ውድድር ሌላ ከተማ እንደምንሄድ ሲነገረን፣ አዳራሹን ሙሉ ይዘሽኝ ዞርሽ። የአውቶቡሱን የመስኮት ወንበር ያኔውኑ ያዝሽ። "አንቺ ከውጭ ምን ታያለሽ፣ ተኝተሽ ነው የምትሄጂው" ብለሽ።

ከዚያ እግርሽ ማበጥ ጀመረ። ቀጥሎ ፊትሽ። ኩላሊት ነው ሲባል እንኳ አልሰማ አልሽ፤ "ምርቱን ራሴ ልሞክረው ነው" ብለሽ ወንበሩን በትከሻሽ አንጠልጥለሽ፣ በታናሽ እህትሽ ተደግፈሽ ወረፋ ሄድሽ። እኔም ተከትዬ መጣሁ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አንቺ ዙፋንሽ ላይ ነበርሽ። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ይኼን ከየት ገዛሽው?" ሲሉሽ በጣትሽ እኔን አሳየሻቸው። ምን ልበልሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ታመሽ ተቀምጠሽ እኔ በማጠፊያዬ እኮራ ነበር።

መጨረሻ የጠየቅኩሽ ቀን "ወንበሬን እንዳትነኩት፣ መክፈቻዬንም እንዳትነኩት፣ አደራ" አልሽኝ። "አንቺ ራስሽ ቆመሽ ትናገሪዋለሽ" አልኩሽ። "እሺ" አልሽ። ምንም ነገር ያለ ክርክር ተቀብላ የማታውቅ ልጅ "እሺ" ስትል ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔ ውድድሩን ትቼው ነበር። መምህራችን ጠሩኝና ቡድኑ ሁለት ተናጋሪ ካለው መሄድ ይችላል አሉኝ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለዳኞቹ የደረሰባችሁን ብንነግራቸው እኮ ልባቸው ይራራል" አሉ። ክፉ ሰው አለመሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ እንድናሸንፍልሽ ፈልገው ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "በሞቷ አንለምንም። ወንበሩን ካልወደዱት ይቅር" አልኳቸው። ካንቺ ጋር ከርሜ መከራከር ተምሬያለሁ ማለት ነው።

በአንቺ ቦታ የገባችው ታናሽሽ ናት። ማንም አልጠየቃትም፤ ራሷ መጥታ እዚህ በር ላይ ቆመች። ድምፅዋ ከጥርሷ እንደማያልፍ ታውቂያለሽ። ምን ላድርጋት? አጎቴን የጣውላ መሰንጠቂያውን ማሽን እንዲያስነሳ ለመንኩትና እሷን ከወዲያኛው ግድግዳ አቆምኳት። "ከማሽኑ በላይ ካልሰማሁሽ አንሄድም" አልኳት። ሰጋቱራ እየዋጠች ጮኸች። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ንግግርሽን በቃሉ ያዘው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትቆማለች። መክፈቻው ላይ። "እናቴን…" ትልና ምላሷ ይያያዛል። ፈርታ መስሎኝ ተቆጣኋት። በኋላ "ውሸት ይሆንብኛል" አለችኝ። "እማዬን ደግፋ የቆመችው እሷ ናት፣ እኔ አልነበርኩም።"

"ዝም ብለሽ በይው፣ አደራ ነው" አልኳት። ወንበሩንም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። አጎቴ አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና "ቁመቱ አልበዛም?" ቢለኝ፣ "ማን ጠየቀህ?" ብዬው እርፍ። በሕይወቴ አጎቴን እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። መጥረጊያውን አንስቶ መጥረግ ጀመረ።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ታናሽሽን አስቀመጥኳት። ወንበሩን ዕቃ መጫኛው ላይ ስጡን ቢሉኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። አዳራሹ እንዳሰብሽው ነው፤ ምንጣፍ፣ ሁሉ ነገር የሚያብረቀርቅ፣ ከረባታቸው አንገታቸውን ያነቃቸው ልጆች፣ ገና ሳይሸጡ ስለ ትርፋቸው የሚያወሩ። መመዝገቢያው ጋ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ባጅ ሲሰጡን ያንቺም ታትሞ ጠበቀን። ባጁን የሚያድለው ልጅ "ሦስተኛዋ የታለች?" አለኝ። "ስጠኝ፣ እኔ እይዝላታለሁ" ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ተራችን ደረሰ። ታናሽሽ ማይኩን ያዘች፣ እኔ ወንበሩን። መክፈቻው ትዝ ብሎኝ በቃ ዛሬ ጉድ ፈላ አልኩ። አልቆመችም። ከማሽኑ በላይ በምትጮኽበት ድምፅ እንዲህ አለች፦ "እህቴን ደግፌ ወረፋ ቆሜ ነበር። መቀመጫ ስለሌለ እኔ ወንበር ሆንኩላት።"

ወንበር ካለች በኋላ መዘርጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ማጠፊያው እምቢ አለኝ። ዘይት የቀባሁት፣ በሕልሜ እንኳ የምዘረጋው ማጠፊያ። ታናሽሽ ዘወር ብላ አየችኝ። እንባዬ ነው እንጂ ማጠፊያውስ ምንም አልሆነም። እንደ ምንም ዘረጋሁት። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀየረችብሽ፤ እሱም እውነት ነው። ወንበሩን ይዘሽ መሄድ ከመጀመርሽ በፊት ወረፋ ላይ የተደገፍሽው በእሷ ነበር፤ እኔ አላየሁም እንጂ።

ከዳኞቹ አንዷ፣ አጠር ያሉ፣ ደርበብ ያሉ ሴትዮ፣ ንግግሩ ሲያልቅ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ። "እስቲ ልሞክረው" ብለው ተቀመጡ። እግራቸው መሬት አልደረሰም። እንደ ሕፃን ተንጠለጠለ። አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

"ልጆቼ፣ ይኼን በማን ልክ ነው የሠራችሁት?" አሉ።

"በእህቴ" አለች ታናሽሽ።

"ታዲያ እሷን ለምን አላመጣችኋትም?"

ታናሽሽ እኔን አየች። መድረክ ላይ አፌን ከፍቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ማይኩን ከእጇ ወሰድኩ። በሞቷ አንለምንም ብዬ ምያለሁ፤ መዋሸትም አልችልም። "ታማብን ነው" አልኩ። የቀረውን ዋጥኩት።

ሴትዮዋ ሳቃቸውን አቆሙና በሁለት እጃቸው የታናሽሽን እጅ ያዙ። "እግዜር ይማርልሽ፣ የኔ ልጅ" አሏት።

"አሜን" አለች።

እኔም "አሜን" አልኩ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎችም "አሜን" አሉ። ጠበቃዬ፣ ይህን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው "አሜን" ሲል፣ አንቺ አልሞትሽም ነበር። ቤት ተኝተሽ እኛን የምትጠብቂ፣ ያመመሽ፣ ነገ ተነገ ወዲያ የምትድኚ ልጅ ነበርሽ። ከመድረኩ መውረድ ጠላሁ። ታናሽሽ መጋረጃው ጀርባ ደርሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። "አሜን ማለት አልነበረብኝም?" አለችኝ። "ደግ አደረግሽ" አልኳት።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ሴትዮዋ ፈልገው አገኙን። "ሐሳባችሁ ግሩም ነው። ወረፋ የሚቆመው ግን ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ እንደ እኔ ያለችው አጭር ናት። ብዙ ሰው ለኩና በሚመጣው ዓመት ተመለሱ" አሉን። ልክ ናቸው። ልከራከራቸው ፈልጌ የምለው አጣሁ፤ አንቺ ብትኖሪ አታጪም ነበር። ስንመለስ ታናሽሽ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ምንም አላየችም።

አሁን ወደ ተናደድሽበት፣ ወይም ወደምትናደጂበት ነገር ልምጣ።

ትናንት እናትሽ እዚህ መጡ። የሐኪም ቀጠሮ አላቸው፤ "ያን የልጄን ወንበር አውሺኝ" አሉኝ። ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ተቀመጡ። እግራቸው ተንጠለጠለ። ወድቀው እንዳይሰበሩ በአንድ እጃቸው የጣውላውን ክምር ያዙ፣ ያንቺን ክምር። እንደዚያ ሆነው ቀና ብለው አዩኝና "ቁረጪው" አሉ።

"እማማ፣ አደራ ብላኛለች። እንዳትነኪው ብላኛለች" አልኩ።

"ይኼን ወንበር ለማን ብላ ነው ያሰበችው?"

ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት።

"እኔ እንድቀመጥ አይደለም እንዴ? እግሬ ካልደረሰ ምኑን ተቀመጥኩት?"

ጠበቃነትሽን ከማን እንደወረስሽው ገባኝ። ተንበርክኬ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ ለካሁ። አጎቴ "እኔ ልቁረጥልሽ" አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ማሽኑንም አላስነሣሁም። በእጅ መጋዝ፣ ቀስ እያልኩ፣ አራቱንም እግር ቆረጥኩ። ሰጋቱራው ጫማዬ ላይ ወረደ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መለስኩላቸው። ተቀመጡ። ሁለቱም እግራቸው መሬት ረገጠ። የጣውላውን ክምር ለቀቁት።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመሬት ቁራጮቹን ለቃቀሙ። አንዱን በጣቶቻቸው መሐል ይዘው፣ ቁመቱን ደጋግመው ሲያዩት ቆዩ።

"ይኼን ያህል ትበልጠኝ ነበር" አሉ።

ሦስቱን መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። አሁን ከባጅሽ ጋር ኪሴ ውስጥ ነው።

ነገ ወረፋው ላይ አብሬያቸው እቆማለሁ። ሜትሬን እይዛለሁ፤ ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ እለካለሁ። በሚመጣው ዓመት ከታናሽሽ ጋር እንመለሳለን። መክፈቻው የትኛው እንደሚሆን ግን አላውቅም፤ እሱን ለእሷ ትቼዋለሁ።

ይኸው፣ አደራሽን በገዛ እጄ ቆረጥኩት። የመጨረሻውን ቃል ልናገር ያልኩሽንም ትቼዋለሁ፤ ለካ የመጨረሻው ቃል ምንም አይጥምም። የምትዪው ካለሽ በሕልሜም ቢሆን ነይና እንደ ድሮሽ ተከራከሪኝ። እሸነፍልሻለሁ።

ያንቺው
ሚስማር