የእህትህ ስልክ ቁም ሣጥን ገባ

ልጄ ሆይ፣ መንገድህ ይቅና፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ያጉረመርማል።

ነርስነት የምትማረው እህትህ ሰሞኑን ስሞታ ትጽፍልሃለችና እውነቱን አስቀድሜ ልንገርህ። የላክህላትን ስልክ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ እቆልፍበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ለፈተና ስትዘጋጅ፣ «ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ መድኃኒት ስንት ይሰጠዋል?» ብዬ ከመጽሐፏ ጠየቅኋት። ስልኳን አነሳች። «ያለ እሱ» ስላት፣ «እማዬ፣ ዘመኑ እኮ ነው!» አለችኝ።

«ሕፃኑም የዘመኑ ነው፤ ስልክሽ ባትሪ እስኪሞላ ግን አይጠብቅሽም» አልኳት። በእርሳስ ስትሞክር መጠኑን አሥር እጥፍ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስልኩን የምቆልፍበት።

ስልኩን ጠልቼው አይደለም። በተማሪነቴ ሸምድጄ ያለፍኩት የኩላሊት ሥራ የገባኝ እሱ ባሳየኝ ሥዕል ነው፣ ያውም በስልሳ ዓመቴ። ግን ማሰቡን ለስልክ ለተወች ነርስ የሰው ነፍስ አይሰጣትም። ትናንት እያኮረፈች፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ሦስት ጊዜ ሰርዛ በአራተኛው ልክ አገኘችው።

እባክህ ልጄ፣ ስታለቅስልህ አትራራላት። «እማዬ ልክ ናት» ብለህ መልስላት። እጇን የፈውስ እጅ ያድርግላት፤ ለአንተም ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

እናትህ