ከደረጃ አልወደቅሁም

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው። አንቱ ማለቴን ግን በዚሁ አበቃሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስለምትበልጠኝ አፌን ከፈታሁበት ቀን ጀምሮ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ፤ አባታችን ከሞተ ወዲህማ በእሱ ቦታ አስቀምጬህ ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ሳስበው፣ አንቱታው ለዕድሜህ እንጂ ለአንተ እንዳልነበረ ገባኝ። ዕድሜ ደግሞ ድንጋይም አለው።

ትናንት አጎታችንን ቤት ድረስ ልከህብኝ ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ «ልጄ፣ ለፖሊስ የሰጠሽውን ቃል አንሺ። ወንድምሽ መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ከነጠቁት ምን ሊሆን ነው? ደግሞስ ያዳነሽ እሱ አይደል?» አለኝ።

ያዳነሽ! ለእማዬም እንዲሁ ነው አሉ የነገርካት፤ «እኔ ባልደርስላት ኖሮ» እያልክ። ጅብስ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ አንተ በምናውቅህ ቤት ነው የምትጎለተው። እንግዲያው የሆነውን ልጻፍልህ። ረስተኸው አይደለም፤ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተኸው ስለማታውቅ ነው።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ይዘኸኝ እየሄድክ ነበር። ቀበቶው አልቆልፍ ሲለኝ «ተይው፣ ከእኔ ጋር ሆነሽ ምን ትሆኛለሽ» አልከኝ። በአንድ እጅህ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዘህ፣ ለአንዱ ተማሪህ በመስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ የማን እንደሆነ ታስረዳለህ። አሸዋ የጫነው መኪና ዳር ይዞ ቆሞ ነበር። እኔ ከሩቅ አየሁት። «ጋሼ፣ ይመልከቱ እንጂ!» አልኩ። የበሩን እጀታ ልይዝ ዞር ስል ገጨኸው፤ ግራ ጎኔ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ።

አንተ ምንም አልሆንክም። ወርደህ መጀመሪያ ያየኸው የፊት መብራቱን ነው። ቀጥለህ ሰው አይቶህ እንደሆነ ዙሪያህን ቃኘህ። እኔን በሦስተኛ አየኸኝ።

«ደህና ነሽ አይደል? ደህና ነሽ» ብለህ ጠይቀህ ራስህ መለስክ።

«ጎኔን... መተንፈስ አቃተኝ።»

«ድንጋጤ ነው። ሐኪም ቤት ከሄድን ፖሊስ ይጠራሉ። ይሄን ሁሉ ዓመት የገነባሁት ስም ምን ይሆናል?»

ጋሼ፣ የትምህርት ቤትህ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። «አሽከርካሪ አደጋ ሲደርስበት» የሚለውን ትምህርት በየዓመቱ የምተይበው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መስመር «ቁም» ይላል። ሁለተኛው «ተጎጂውን ወደ ሕክምና አድርስ» ይላል። ያንን እያነበነብክ ስንቱን ተማሪ ጥለሃል! አንተ ግን ሞተሩን አስነስተህ ይዘኸኝ እብስ አልክ። ወዴት? ወደ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ!

ወዳጅህ ወጌሻው ቁርጭምጭሚት ማሸት ነው የሚያውቀው፤ ቢሆንም ከአንተ ይሻላል። ጎኔን በሁለት ጣቱ ነካ ሲያደርገኝ ጮህኩ። እጁን ሰበሰበ።

«ግራ ትከሻሽንስ ያምሻል?»

«አዎ። ግን እሱን ምንም አልመታኝም።»

ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የውስጥ ጉዳት ነው፤ የእኔ ሥራ አይደለም» አለህ። «አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሳት። እኔ ጋ አታቆያት።»

«እሺ፣ እሺ» አልከው። ከዚያም ቤትህ ወስደህ ሶፋ ላይ አጋደምከኝና፣ «ትንሽ ተኚ፣ ይለቅሻል» ብለህ ልታስተምር ሄድክ። ልታስተምር!

ያገኘችኝ ሚስትህ ናት። ከገበያ ስትመለስ ከንፈሬ ነጥቶ፣ ላብ አጥምቆኝ አየችኝ። የያዘችውን ዘንቢል እዚያው በር ላይ ጥላ ታክሲ አስቁማ ደግፋ አስገባችኝ። መንገድ ላይ ደወለችልህ። ለዚህ ነው ከእኛ ቀድመህ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የተገተርከው። ሳይህ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን እወቅልኝ።

«ከደረጃ ወድቃ ነው» አልካት ነርሷን።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው፣ እህቴ?»

እጅህ ትከሻዬ ላይ ነበር። ያንኑ የሚያመኝን ትከሻ ጨበጥ አደረግኸው።

«አዎ» አልኩ።

ይህን አልደብቅም። የናቅሁት አንተን ብቻ አይደለም። ከደረጃ ወድቆ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ እኔም ጠበቅሁ። ጣቱን ቢላዋ የቆረጠው ሰውዬ እንኳ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ታሽጎለት እያፏጨ ወጣ። አንተን ላለማሳፈር፣ ደሜ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ፣ ውሸትህን እንደ ሕፃን ታቅፌ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ።

ሚስትህ ውሃ ልትገዛልኝ ወጣች። ስትመለስ ውሃ አልያዘችም። መኪናህን ግቢ ውስጥ አይታዋለች። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ይሄ ደረጃ የባሌንም መኪና ገጭቶታል እንዴ?» አለችኝ። ልስቅ ስል ጎኔን ወጋኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። «ዶክተር! የመኪና አደጋ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ነው!»

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሆዴን በአልትራሳውንድ እያየች፣ «ደረጃ ነው ያለው ማነው?» ብላ ጠየቀች። አንተ ጣሪያውን ታይ ነበር።

«ጣፊያሽ ተቀዷል፤ ሆድሽ ውስጥ ደም አለ» አለችኝ። «አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ትገቢያለሽ።»

የስምምነት ቅጹን ለአንተ ሰጡህ፤ ታላቅ ወንድም ነህና። መነጽርህን አጥልቀህ ስታነብ ከተኛሁበት አየሁህ። ግንባርህ ተቋጥሯል። ለእኔ የተጨነቅህ መሰለኝ። አንተ ግን ቀና ብለህ፣ «እዚህ ጋ 'የመኪና አደጋ' ከሚል፣ 'አደጋ' ብቻ ቢል አይሻልም?» አልክ።

ሐኪሟ ቅጹንና እስክሪብቶውን ከእጅህ ነጥቃ ለእኔ ሰጠችኝ። «ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አልኩ። ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ፤ ግን የራሴ ነው።

ጣፊያዬን አውጥተውታል። ከእንግዲህ ትኩሳት በነካኝ ቁጥር ሳላድር ሐኪም ዘንድ መሮጥ አለብኝ። ሐኪሟ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዪ ኖሮ» ብላ ጀምራ ሳትጨርሰው ተወችው። ፖሊሱ በአራተኛው ቀን አልጋዬ ድረስ መጣ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ አንድም አላስቀረሁም።

አጎታችን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንድምሽ እኮ ነው» አለኝ።

«ሌላ ሰው ቢሆንማ መች እንዲህ ይቆጨኝ ነበር» አልኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ሌላው ወሬ ይኸውልህ። «ሴት መሪ ከያዘች መንገዱ ይጨነቃል» እያልክ ስንት ዓመት ከጎንህ ያስቀመጥካት ሚስትህ መንዳት ልትማር ተመዝግባለች። አንተ ጋ እንዳይመስልህ፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ነው። ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ተቀጥሬያለሁ። መስኮቴ በቀጥታ የአንተን በር ያያል።

ሐሙስ ችሎት እገኛለሁ። የሚጠይቁኝን እመልሳለሁ፤ ያልጠየቁኝን አልጨምርብህም። የቀረኝ እህትነት ይኸው ነው።

ሳልመርጥህ የተወለድኩብህ
እህትህ