የአባዬ ሱሪ

ማርች 4
ልምምድ። ከበሮ መቺያችን ጋስፓር ከበሮው ላይ ታኮ ሲበላ መረቅ ደፋበት... ድምፁ ተሻሻለ። አዲስ ዘፈን የለንም። «ኤሌክትሪክ ቁልቋል» የሚባል ባንድ ስለ ምን ይዘፍናል? ስለ ቁልቋል አራት አለን። ይበቃል።

ማርች 9
ተገኘ። አባዬ እንደሱ አደባባይ ላይ ለደንበኛ በክፍያ ከሚዘፍኑት የማሪያቺ ጓደኞቹ ጋር ልደት ላይ ሲዘፍን የጠባብ ሱሪው ቁልፍ ተፈናጥሮ ኬኩ ውስጥ ገባ። ዘፈኑን አላቋረጠም። አሁን እማዬ ሱሪውን ትሰፋለች፣ እኔ እጽፋለሁ፦

ልቤ ፈነዳ ሲል አባቴ በዜማ፣
የፈነዳው ሱሪው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ዜማው የሱ፣ ጩኸቱ የኛ። ነውር ነው? ትንሽ።

ጁን 21
ከተማችን ጓዳላሃራ በሙሉ ይዘፍነዋል። ታክሲው፣ ሥጋ ቤቱ... አባዬን ለመምሰል ሆዴ ላይ ትራስ አስሬ መድረክ እወጣለሁ። እሱ ግን ምሳ ላይ «ጨው አቀብለኝ» አለኝ፣ በቃ። አልሰማ ይሆን? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።

ኦገስት 2
ሰምቷል። ጋስፓር ነገረኝ። አደባባዩ ላይ ደንበኞች «የሱሪውን ዝፈንልን» ይሉታል። የማሪያቺ ደንብ ነው፤ ደንበኛ የጠየቀውን አላውቅም አይባልም። ስለዚህ ይዘፍነዋል። በራሱ ላይ። በቀን አራት አምስት ጊዜ።
አፈርኩ። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ኦገስት 3
ነገ።

ሴፕቴምበር 14
የእህቴ የኤልቪራ ሰርግ። እንግዳው «የሱሪውን» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ጊታሬን ላነሳ ስል አባዬ እጄን ያዘኝ።
«ቁጭ በል ልጄ። ሱሪው የኔ ነው።»
ቀስ አድርጎ፣ ሳይስቅ ዘፈነው። ለካ የሚያምር ዜማ ነው... በኛ ጩኸት ውስጥ አይታወቅም ነበር። ሊያበቃ ሲል ወደኔ ዞረና ከየት እንዳመጣው እንጃ፦

ያን ጠባብ ሱሪውን ልጅ አሳደገበት፣
ልጁም ቁልፉን ለቅሞ ዘፍኖ በላበት።

አክስቶቼ በሳቅ ወደቁ። ቄሱም ጭምር። እኔም ለማስመሰል ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን ይነድ ነበር።
በኋላ አባዬን ጓሮ ተከትዬው ሄጄ ይቅርታ አልኩት።
«ይቅርታውን ተወውና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከዜማ ትወጣለህ» አለኝ። «እሱን አስተካክል።»

ኖቬምበር 30
አስተካከልኩ። ትራሱንም ጣልኩት።
ዛሬ አዳራሹ ሙሉ ነበር። የኔን ስንኝ በትዕግሥት አዳመጡልኝ፤ ከዚያ የሰርጉ ስንኝ ከተማውን አዳርሶ ኖሮ «የአባትየውን» ብለው ጮኹ። ጋስፓር ከበሮው ኋላ በሳቅ ሞተ። አባዬ ከፊት ተቀምጧል፣ ሱሪው ላይ አዲስ ቁልፍ።
በገዛ ባንዴ፣ በገዛ ማይክሮፎኔ ራሴን ሰደብኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።
ምን ላድርግ? ደንበኛ የጠየቀውን አላውቅም አይባልም።